በትምህርት ቤቶች ለሚሠራ የማኅበረሰብ ሥዕል የገንዘብ ድጋፍ እንዴት ይጠየቃል?

ሠዓሊዋ (ጥያቄ አቅራቢ)

ውድ የሙያ ባልደረቦች፣ እንዲሁም በትምህርትና በድጋፍ አሰጣጥ ሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ፣

በሦስት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከተማሪዎች፣ ከመምህራንና ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር የግድግዳ ሥዕል ለመሥራት አቅጃለሁ። ንድፉን ቤቴ ጨርሼ መጥቼ ልጆቹን ቀለም ብቻ የማስቀባበት ሥራ አይደለም። ተማሪዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዕድሜ የገፉ ሰዎችን እየጠየቁ ስለ ሰፈራቸው የሚነገረውን ይሰበስባሉ፤ የሰሙትን በወረቀት ላይ ይሥላሉ፤ ከሥዕሎቹም መካከል የትኞቹ ወደ ግድግዳው እንደሚወጡ በየክፍላቸው ተወያይተው ይመርጣሉ። የእኔ ድርሻ የተመረጡትን በአንድ ቅንብር ማያያዝ፣ ወደ ግድግዳው ልክ ማሳደግና ሥራው ለዓመታት ሳይበላሽ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

ርእሳነ መምህራኑ ሐሳቡን ወደውታል፤ በቃልም ተስማምተውልኛል። ያልተገኘው ገንዘቡ ነው። ለተለያዩ ድርጅቶች ማመልከቻ አስገብቼ ገሚሶቹ ምንም መልስ አልሰጡኝም፤ ሌሎቹ ደግሞ ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ቅድሚያ ከሚሰጧቸው ጉዳዮች ጋር እንደማይገጥም ጻፉልኝ። ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን በአንድ ቃለ መጠይቅ ላይ የተነሣው ጥያቄ ነው። የገምጋሚ ቡድኑ አባላት በበጀቱ ውስጥ ለራሴ የያዝኩትን የሙያ ክፍያ አይተው፣ ለልጆች የሚሠራ ሥራ ከሆነ ለምን በነጻ እንደማልሠራው ጠየቁኝ። መልስ ሰጥቻለሁ፤ መልሴ ግን እኔንም ያረካኝ አይመስለኝም።

ስለዚህ ልምድ ያላችሁ ሰዎች እንድትመክሩኝ እለምናለሁ። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚደግፍ ገንዘብ በየትኛው በር ይጠየቃል? የሠዓሊው ክፍያስ በማመልከቻ ውስጥ እንዴት ቢቀርብ ተገቢ ይሆናል?

የማመልከቻ ገምጋሚ

እኅታችን፣ የድጋፍ ማመልከቻዎችን ለረጅም ጊዜ ስገመግም ስለኖርኩ ከጠረጴዛው ማዶ የሚታየውን ልንገርዎት።

ቅድሚያ ከምንሰጠው ጉዳይ ጋር አይገጥምም የሚለው መልስ ብዙውን ጊዜ እውነት ነው፤ የትሕትና እምቢታ ብቻ አድርገው አይውሰዱት። ገንዘቡ ወደ ድርጅቱ ሲመጣ ዓላማው ተጽፎለት ነው የሚመጣው፤ ገምጋሚው ሥራዎን ቢወድደው እንኳ ከዚያ ዓላማ ውጪ መፈረም አይችልም። ሥነ ጥበብን ለመደገፍ ብቻ የተመደበ ገንዘብ በየትም ቦታ ጥቂት ነው፤ የሚሻሙበት ሠዓሊያንም ብዙ ናቸው። በታሪክ የምናውቃቸው ትልልቅ የማኅበረሰብ ሥዕሎች በአመዛኙ የተሠሩት በሌላ ዓላማ በተመደበ ገንዘብ ነው። የአሜሪካዋን ከተማ ፊላዴልፊያን ዛሬ በግድግዳ ሥዕል ስሟን ያስጠራው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1984 ሲጀመር የከተማው አስተዳደር በግድግዳ ላይ የሚጫርን ጽሑፍ ለመከላከል ያቋቋመው ሥራ አካል ነበር፤ ሠዓሊት ጄን ጎልደን የተቀጠሩትም ጽሑፉን የሚጭሩትን ወጣቶች ወደ ሥዕል እንዲመልሱ ነው። ሠዓሊት ጁዲት ባካ በሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ከ400 በላይ ወጣቶችን አሰልፈው የሠሩት፣ 840 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሥዕል ያረፈው በጎርፍ መከላከያ ቦይ ግንብ ላይ ሲሆን፣ ከገንዘቡ ከፊሉ የመጣው ከሕግ ጋር ለተጋጩ ወጣቶች ከተመደበ በጀት ነው።

የእርስዎን ዕቅድ ሳነብ ቢያንስ ሦስት በሮች ይታዩኛል። ልጆቹ ሽማግሌዎችን ጠይቀው መጻፋቸው የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ነው። የሚሰበስቡት ታሪክ የቅርስ ሥራ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ወደ ትምህርት ቤቱ መምጣታቸው ደግሞ የአረጋውያንን ብቸኝነት ለመቀነስ የሚሠሩ ድርጅቶችን ይመለከታል። ይህን ስል ለእያንዳንዱ ለጋሽ ሌላ ሥራ ይፍጠሩ ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ የተጣመመ ማመልከቻ ከሁለተኛው ገጽ ላይ ይታወቃል። ሥራው አንድ ሆኖ፣ ለጋሹን በሚመለከተው በኩል ይግቡ ማለቴ ነው።

ሌላው ነገር በጀቱ ነው። እኔ በበኩሌ ትረካውን ከማንበቤ በፊት በጀቱን እከፍታለሁ፤ ብዙ ገምጋሚዎችም እንደዚሁ ናቸው። ትረካው ልጆቹ ለሳምንታት ታሪክ እንደሚሰበስቡ እየተናገረ በጀቱ ውስጥ ቀለምና ብሩሽ ብቻ ካለ፣ ያ የታሪክ መሰብሰብ እንደማይደረግ እገምታለሁ፤ ደብተር የለም፣ መቅረጫ የለም፣ ለሽማግሌዎቹ መጓጓዣ የለም፣ የመምህሯ ተጨማሪ ሰዓት የለም። እንዲሁም የእርስዎ ክፍያ በአንድ መስመር በጥቅል ከተጻፈ ዓይን ውስጥ ይገባል። በቀን ስንት፣ ለስንት ቀን፣ በየትኛው ቀን ምን ለመሥራት እንደሆነ ከተዘረዘረ ግን ለምን በነጻ አይሠሩትም የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አይነሣም፤ አንባቢው የሚያየው የሥራ ቀን ነውና።

በጎ ፈቃደኛ አስተባባሪ

ከላይ የተባለውን አከብራለሁ፤ ሆኖም በአንድ ነገር የተለየ አስተያየት አለኝ። ገና ስማቸው ያልታወቀ ሰዎች መጀመሪያ አንዱን ትምህርት ቤት በነጻ ሠርተው ውጤቱን ቢያሳዩ ገንዘቡ ይከተላል ብዬ አምናለሁ። ለጋሽ በወረቀት ከተጻፈው ይልቅ በዓይኑ ያየውን ያምናል። ቀለሙንም ከነጋዴዎች በልመና ማግኘት ይቻላል።

የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያ

ወንድሜ አስተባባሪ፣ ሐሳብዎ ከቅንነት የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን በዚህ ምክር አልስማማም፤ የማልስማማበትንም ምክንያት በዝርዝር መግለጽ እፈልጋለሁ።

በነጻ የሚሠራ ሠዓሊ ኑሮውን የሚገፋው በሌላ ሥራ ነው። የሚከፈልበት ሥራ በመጣ ጊዜ የነጻውን አቋርጦ ለመሄድ ይገደዳል፤ ክፉ ሰው ስለሆነ ሳይሆን የቤት ኪራይ ስላለበት። በዚህ ጊዜ የሚጎዱት ልጆቹ ናቸው፤ ግማሹ የተቀባ ግድግዳ በየቀኑ እያዩ ይማራሉ። ክፍያ ማለት እንግዲህ የሠዓሊው ጥቅም ብቻ ሳይሆን ሥራው እንደሚያልቅ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ዋስትና ነው። በቃለ መጠይቁ ላይ ለተነሣው ጥያቄ እኔ ብሆን የምመልሰው ይህንኑ ነበር፤ ይህን ያህል ቀን በሌላ ሥራ ሳልጠራ ከልጆቹ ጋር እንድቆይ የሚያስችለኝ ይህ ገንዘብ ነው እላለሁ።

ሁለተኛም፣ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በነጻ ካገኘ ሁለተኛው ለምን ይከፍላል? ከእኅታችን በኋላ የሚመጣው ወጣት ሠዓሊስ ምን ብሎ ይጠይቃል? አሜሪካ በከባድ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ በነበረችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1943 የቆየው የፌዴራል የሥነ ጥበብ ፕሮጀክት በትምህርት ቤቶችና በሆስፒታሎች ግድግዳ ላይ ለሚሥሉ ሠዓሊያን ደመወዝ ይከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ኒው ዮርክ በገንዘብ እጥረት ምክንያት የሥዕል ትምህርትን ከትምህርት ቤቶቿ ስትቀንስ የሥነ ጥበብ ደጋፊዋ አግነስ ጉንድ ያቋቋሙት ድርጅትም ሠዓሊያንን ወደ ክፍል ያስገባው እንደ ባለሙያ ቆጥሮ ነው። ገንዘብ ባነሰበት ዘመን እንኳ መክፈል የተቻለ ነገር መሆኑን እነዚህ ያሳያሉ።

የማሳያ ሥራ አስፈላጊነት ላይ ግን እስማማለሁ። ማሳያው ግድግዳ መሆን የለበትም። ከአንድ ክፍል ተማሪዎች ጋር የታሪክ መሰብሰቡንና በወረቀት መሣሉን ብቻ ይሥሩ፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ የሚያልቅም ነው። ያዋሉትንም ጊዜ በትክክለኛ ዋጋው ተምነው በማመልከቻው ውስጥ እንደ ዓይነት መዋጮ፣ ማለትም በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በሥራ ወይም በዕቃ እንደሚሰጥ ድርሻ፣ ያስመዝግቡት፤ እንዲህ ሲሆን ልግስናዎ ይታወቅልዎታል፣ የሙያው ዋጋም አይጠፋም።

በጎ ፈቃደኛ አስተባባሪ

ሥራው መሐል ላይ ስለ መቋረጡ የተናገሩትን እቀበላለሁ፤ በማስተባብራቸው ሥራዎች ላይም አይቼዋለሁ። በወረቀት ይጀመር የሚለው ሐሳብ የተሻለ ነው።

ርእሰ መምህር

የትምህርት ቤት ኃላፊ እንደመሆኔ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ልናገር። ርእሳነ መምህራኑ በቃል ተስማምተውልኛል ብለዋል። የቃል ስምምነት ለእርስዎ ልብ ማደሪያ ይሆናል እንጂ ለለጋሹ ምንም አይደለም፤ ርእሰ መምህሩ በዓመቱ መጨረሻ ሊዛወር ይችላል፣ ተተኪውም ስለ ነገሩ ሰምቶ አያውቅም።

የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቁ ሐሳቡን እንደግፋለን የሚል ሁለት መስመር ይዘው አይመለሱ። የትኛው ግድግዳ እንደሆነ በስሙ ይጻፍ። በሚቀጥሉት ዓመታት ያ ሕንፃ የመፍረስ ወይም የመታደስ ዕቅድ እንደሌለበት ይረጋገጥ፤ ጣሪያው የሚያፈስስ ከሆነም ከሥዕሉ በፊት ማን እንደሚጠግነው ይታወቅ። ቀለም የሚቀመጥበት የሚቆለፍ ክፍል፣ ውኃ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጪ በር የሚከፍት ሰው፣ ከልጆቹ ጋር የሚቆም መምህር፣ እነዚህ ሁሉ ትምህርት ቤቱ የሚያዋጣቸው ናቸው፤ በደብዳቤው ከተዘረዘሩ በበጀቱ የዓይነት መዋጮ አምድ ውስጥ ይገባሉ። የፈተና ሳምንታትን አስቀድመው ይጠይቁ። እኛ ዘንድ ብዙ መልካም ሥራ የተደናቀፈው ሰው ስለተቃወመው ሳይሆን ከፈተና ጋር ስለተጋጨ ነው።

ከሁሉ በላይ፣ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ግድግዳውን ማን ይንከባከበዋል? በእርሳስ ሲጫርበት፣ ጥጉ ሲላጥ፣ ማን ነው የሚያድሰው? ከእያንዳንዱ ቀለም ጥቂት ተርፎ ታሽጎ በስሙ እንዲቀመጥ፣ አንድ መምህርም በኃላፊነት እንዲመደብ ቢያደርጉ ይህን ጥያቄ ሳይጠየቁ መልሰውታል ማለት ነው።

የቀለም ባለሙያ

ርእሰ መምህሩ ስለ ጣሪያው ያነሡት ነጥብ በጣም ትክክል ነው። እኔ ስለ ግድግዳው ልጨምር፤ ምክንያቱም ያልተጠና ግድግዳ በጀትን ያፋልሳል።

አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ቀለም ከመንካቱ በፊት አራት ሳምንት ገደማ መድረቅ አለበት። ከሥሩ እርጥበት የሚስብ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ነጭ ጨው ወደ ላይ እያወጣ ማንኛውንም ቀለም ያራግፋል፤ እንዲህ ያለውን ግድግዳ መተውና ሌላ መምረጥ ይሻላል። ሕንፃው አሮጌ ከሆነና የቆየ ቀለም ካለበት እባክዎ ልጆቹን እንዲፍቁ አያድርጓቸው። ድሮ ይመረቱ የነበሩ የዘይት ቀለሞች፣ በተለይም ደማቅ ቢጫና ብርቱካናማዎቹ፣ ብዙውን ጊዜ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ይገባባቸው ነበር፤ ሲፋቁ የሚወጣው አቧራ ነው አደገኛው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሊድ ምንም ዓይነት ጉዳት የማያስከትል መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል፤ በአዲስ ቀለም ውስጥም ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚያደርግ ሕግ እንዲወጣ ይመከራል። በውኃ የሚበጠበጥ አክሪሊክ ቀለም ይግዙ፣ ከሻጩም የሊድ መጠኑን የሚገልጽ የምርመራ ወረቀት ይጠይቁ፣ ወረቀቱንም ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ። ስለ ልጆች ደኅንነት የሚጠይቅ ለጋሽ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይፈልግም።

መጠኑንም በስሌት ያቅርቡ። ለምሳሌ ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ግድግዳ 36 ካሬ ሜትር ነው። ሻካራ ልስን ላይ አንድ ሊትር 8 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ብለን ብናስብ፣ አንድ ጊዜ ለሚቀባው የመሠረት ቀለም 4.5 ሊትር፣ ሁለት ጊዜ ለሚደረበው ቀለም 9 ሊትር፣ ለመከላከያው ቅብ ሌላ 4.5 ሊትር ያስፈልጋል። ልጆች ሲቀቡ የሚፈስስና በባልዲ ውስጥ የሚደርቅ ስላለ ከዚህ ላይ ጥቂት ይጨምሩ፤ ጭማሪውንም ምክንያቱን ጽፈው በግልጽ ያሳዩ።

የሥዕል መምህርት

እኔ ደግሞ ስለ ልጆቹ ድርሻ ልጻፍ፤ የዚህ ሥራ ልብ እርሱ ነውና።

የልጆችን ተሳትፎ ያጠኑት ምሁር ሮጀር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ ባዘጋጁት ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል አሳይተዋል። የታችኞቹ ሦስት እርከኖች ተሳትፎ የሚባሉ አይደሉም፤ ከእነርሱም አንዱ ልጆችን ለጌጥ ማቆም ነው። በትምህርት ቤት የሚሠሩ ብዙ የግድግዳ ሥዕሎች ከዚህ እርከን አይወጡም፤ ልጆቹ እጃቸውን ቀለም ነክረው ያትማሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ይሄዳሉ። የእርስዎ ዕቅድ ግን ልጆቹ ይመርጣሉ ይላል። እንግዲያውስ ምን ምን እንደሚመርጡና የመረጡት ከእርስዎ ምርጫ ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚደረግ በማመልከቻው ላይ ይጻፉት። ሥዕሉ ያልተመረጠለት ልጅስ? በክፍላችን ይህን ባልተዘጋጀንበት ጊዜ ልጆች ግድግዳው ፊት ቆመው የራሳቸውን ሲፈልጉ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ሥዕሎች በአንድ ጥራዝ እየተሰፉ በቤተ መጻሕፍቱ እንዲቀመጡ ማድረግ ጀመርን። ወጪው የወረቀትና የክር ብቻ ነው።

ሥዕል የማይወድ ልጅም ሥራ አለው። ንድፉን ወደ ግድግዳ ስናሳድግ በካሬ መረብ ነው የምንሠራው፤ 120 በ30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ወረቀት ላይ እያንዳንዱ ካሬ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ በግድግዳው ላይ ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር። ሁለት ልጆች ጠመኔ የተቀባ ገመድ ጫፍና ጫፉን ይዘው ይወጥሩታል፤ ሦስተኛው መሐሉን ስቦ ይለቅቀዋል፤ ቀጥ ያለ መስመር ግድግዳው ላይ ያርፋል። አንድ ጊዜ መለኪያውን የያዘው ልጅ፣ በሒሳብ ክፍል አፉን የማይከፍት ልጅ፣ መስመሩ ወደ ታች መዝመሙን ከሁላችንም ቀድሞ አይቶ አስቆመን። የሒሳብ መምህራችን ያን ዕለት የንጽጽርን ትምህርት እዚያው ግድግዳው ሥር አስተማረ። ለትምህርት የተመደበ ገንዘብ ከሚሰጡ ድርጅቶች ዘንድ ስትገቡ ይህን የመሰለውን ነገር ከሥርዓተ ትምህርቱ ምዕራፍ ጋር አዛምዳችሁ ጻፉ።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የልጆች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ልጆች በባህላዊ ሕይወትና በሥነ ጥበብ በነጻነት የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሥነ ጥበብ ከትምህርት የተረፈ ጊዜ ማሳለፊያ ነው ለሚል ገምጋሚ ይህን መጥቀስ ይጠቅማል።

ሠዓሊዋ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሥዕሎቹን ጥራዝ በዕቅዱ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ያልተመረጠው ልጅ ነገር በውስጤ ሲመላለስ የነበረ ጉዳይ ነው። ክፍያዬንም በቀን ከፋፍዬ መጻፍ ጀምሬያለሁ።

አሁን ያጋጠመኝ ሌላ እንቅፋት ነው። ያነጋገርኳቸው አንዳንድ ለጋሾች ለግለሰብ ገንዘብ አይሰጡም፤ የተመዘገበ ድርጅት መሆን አለብሽ ይላሉ። ለአንድ ሥራ ብዬ ድርጅት ማቋቋም አለብኝን?

የሒሳብ ባለሙያ

አይመስለኝም። ድርጅት ማቋቋም ቀላል ቢመስልም በየዓመቱ የሚቀርብ የሒሳብ መግለጫ፣ የኦዲት ወጪና የቦርድ ስብሰባ ይዞ ይመጣል። ዓላማው ከእርስዎ ሥራ ጋር የሚቀራረብ የተመዘገበ ማኅበር ይፈልጉና ገንዘቡ በእርሱ ሒሳብ ገብቶ እርስዎ በውል እንዲሠሩ ይስማሙ። ማኅበሩ ለአስተዳደር ወጪው ከመቶ የተወሰነ እጅ ሊጠይቅ ይችላል፤ ተገቢ ስለሆነ በበጀቱ ውስጥ በግልጽ ይግባ። ውሉ ገንዘቡ በየትኛው ሒሳብ እንደሚቀመጥ፣ ማን ማን እንደሚፈርም፣ ሥራው ቢቋረጥ የተረፈው ወዴት እንደሚሄድ መናገር አለበት። በትምህርት ቤቱ ጥቅል ሒሳብ ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ፤ ርእሰ መምህራንን ሳላምን ቀርቼ ሳይሆን ከሌላ ወጪ ጋር ሲቀላቀል ሪፖርቱን ለመሥራት ስለሚያስቸግር ነው።

ብዙ ለጋሾች ገንዘቡን በክፍል በክፍል ይለቅቃሉ፤ የመጨረሻው ክፍያም ሪፖርት ከቀረበ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ በወረቀት ላይ የተሟላ በጀት ይዘው በመሐል ቀለም መግዣ ሊያጡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ክፍያ ቀለሙንና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በሙሉ እንዲሸፍን ከመፈረምዎ በፊት ይደራደሩ። ለመጠባበቂያም ከመቶ 10 እጅ ያህል ይያዙ።

ከብዙ ሰዎች በኢንተርኔት ጥቂት ጥቂት ማሰባሰብም መንገድ ነው። ሆኖም እንደ ኪክስታርተር ባሉ መድረኮች የታሰበው መጠን ካልሞላ ምንም አይሰጥምና፣ በዚያ መንገድ የሚጠይቁት ለአንዱ ትምህርት ቤት ብቻ የሚበቃውን ቢሆን ይሻላል።

የማመልከቻ ገምጋሚ

የሒሳብ ባለሙያውን ምክር ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ስለ ውጤት መለኪያ ግን አንድ ነገር ላስታውስ፤ ማመልከቻዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። የተማሪዎቹ የፈተና ውጤት ይሻሻላል ብለው ቃል አይግቡ። ቢሻሻል እንኳ በሥዕሉ ምክንያት መሆኑን ማሳየት አይችሉም፤ ገምጋሚውም ያውቀዋል። የሚያደርጉትን ይጻፉ፤ ስንት ልጆች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደቆዩ፣ ስንት ሽማግሌዎች እንደተጠየቁ፣ ጥራዙ እንደተሰፋ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ግድግዳው ምን እንደሚመስል። ልጆቹ ራሳቸው በሥራው መጀመሪያና መጨረሻ የጻፏቸው አጫጭር ጽሑፎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይልቅ ይናገራሉ።

ሠዓሊዋ (ጥያቄ አቅራቢ)

በምክራችሁ መሠረት የማመልከቻውን መግቢያ እንደገና ጽፌዋለሁ። እንዲህ ይላል፦

«በሦስት ትምህርት ቤቶች የሚገኙ ተማሪዎች ስለ ሰፈራቸው ከአረጋውያን የሰሙትን ይጽፋሉ፣ ይሥላሉ፣ ከሥዕሎቻቸውም በትምህርት ቤታቸው ግድግዳ ላይ የሚወጡትን ራሳቸው ይመርጣሉ። ሁሉም ሥዕሎች ተጠርዘው በየቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጣሉ። የሚጠየቀው ገንዘብ አንዲት ባለሙያ ሠዓሊ ሥራው እስኪያልቅ ከተማሪዎቹ ጋር እንድትቆይ፣ ለልጆች ጤና የማያሰጋ ቀለም እንዲገዛ፣ እንዲሁም ግድግዳው ከሥራው በኋላ እንዲጠበቅ ያስችላል።»

የቀረኝ አንድ ጥያቄ የልጆቹ ፎቶና ሥዕሎቻቸው የማን እንደሆኑ ነው። ለጋሹ ለማስታወቂያ ልጠቀምበት ቢል ምን ልበል?

የሥዕል መምህርት

ሥዕሉ የሣለው ልጅ ንብረት ነው። የወላጅ ፈቃድ ወረቀቱን በሁለት ለይተው ያዘጋጁ፤ አንዱ ልጁ በሥራው እንዲሳተፍ፣ ሌላው ፎቶውና ሥዕሉ እንዲታተም። ሁለተኛውን ያልፈረመ ወላጅ ልጅ ከሥራው እንዳይገለል በወረቀቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ልጁም ራሱ ይጠየቅ። ለለጋሹ የሚሰጡት ለሪፖርት የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ይሁን፤ ለማስታወቂያ ከፈለገ በየጊዜው እንዲጠይቅ ውሉ ላይ ያስገቡት። በመግቢያዎ ላይ ግድግዳው እንዲጠበቅ ከሚለው ቀጥሎ የሚጠብቀውን መምህር የሥራ ድርሻ ቢጨምሩበት እወድዳለሁ፤ ሌላው እንዳለ ይግባ።